ወለሉ የተሰበረበት ቀን

ሚኒባሱ ከእንሴኖ ሲነሳ ዝናቡ ከኋላ ነበር። ፈቲሀ ሦስት ጊዜ ዞራ አየችው። ዘቢዳር ተራራ ጭራሽ አይታይም፤ ቡታጅራ ላይ የተከመረው ጥቁር ደመና ፊቱን ወደ ቆላው አዙሯል። ጉልበቷ ላይ የተጠቀለለ አሥር ሜትር ላስቲክ ይዛለች። ጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ የዚያ ዓመት ሕግ ነበር፣ ሁለት ሰው በሚቀመጥበት አንድ ሰው። ረዳቱ በየፌርማታው "ማስክ ወደ ላይ" እያለ ያሳስባል፤ የራሱ ማስክ ግን አገጩ ሥር ነው።

"ትንሽ ፈጠን አትሉም?" አለችው።

"እህቴ፣ መኪና ነው እንጂ አውሮፕላን አይደለም" አለና ወደ በሩ ዞረ።

ቀኑ ሐምሌ ሃያ፣ ዘመኑም ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነበር። ዐረፋ አራት ቀን ቀርቶታል። በደህናው ጊዜ የአዲስ አበባው ሰው መንገዱን የሚሞላው በዚህ ሰሞን ነበር፤ በኮሮናው ዓመት ግን ሱቁ የቀዘቀዘበት፣ የቤት ኪራይ የከበደው፣ በሽታውን የፈራውም ሁሉ ከሚያዝያ ጀምሮ ልጆቹን ይዞ ወላጆቹ ቤት ገብቷል። ከቆሼ በታች፣ መሬቱ ወደ ዝዋይ ሐይቅ በሚወርድበት አገር፣ የእማማ ዘይባ ግቢ አሥራ ዘጠኝ ሰው ይዞ ነበር። ዘጠኙ ሕፃናት ናቸው። የበቆሎው ጎተራ በሰኔ መጨረሻ ተጠርጓል፤ አዲሱ በቆሎ ለአፍ የሚደርሰው በመስከረም ነው። በመካከል ያለውን ጊዜ ያሻግራል ተብሎ የታመነው በፈቲሀ ጓሮ የተቀበረው ቆጮ ብቻ ነው።

ፈቲሀ የዘይባ የበኩር ልጅ የሙባሪክ ሚስት ናት። ባሏ አዲስ አበባ ሱቁን ሊጠብቅ ቀርቷል። እሷ ከቡታጅራ በላይ ካለው ደጋ ወደዚህ ቆላ ከተዳረች አምስት ዓመቷ ነው። በግንቦት፣ ሰው መብዛቱንና ጎተራው መጉደሉን ስታይ፣ ለማንም ሳትናገር እናቷ ዘንድ ሄዳ አለቀሰች። እናቷ ባሂራ ብዙ አልጠየቁም። አሥራ ሁለት እንሰት አስጣሉላት፤ አምስቱ ገና ጊዜያቸው ያልደረሰ ነበር። እንሰት እንደ ጎመን ለከርሞ አይተካም፤ ስድስትም ሰባትም ዓመት ይጠብቃል። ባሂራ የሰባት ዓመት ጓሯቸውን ከጎረቤት ሴቶች ጋር በአንድ ሳምንት ፍቀው በአይሱዙ ላኩላት። በስልክ ያሉት አንድ ነገር ነው፦ "ውሃ እንዳያገኘው ብቻ ጠብቂው።"

ትናንት ጠዋት ፈቲሀ መክደኛ ድንጋዮቹን አንስታ እጇን ቆጮው በተጠቀለለበት የእንሰት ቅጠል ጎን ብትሰድ፣ ጣቷ ውሃ አገኘ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላየችም። ዝናቡ ከላይ እየገባ መስሏት ነው ቆሼ ላይ ያጣችውን ላስቲክ ፍለጋ እንሴኖ ድረስ የሄደችው።

መንገድ ዳር ስትወርድ ዑመይር የአህያ ጋሪያቸውን አቁመው ጭነት ይጠብቃሉ። ዑመይር የሠፈሩ ጉድጓድ ቆፋሪ ናቸው፤ ስልሳ አልፏቸዋል፤ ዶማና ድጅኗቸው ከጋሪው ላይ አይወርድም።

"አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጋሽ ዑመይር። ቶሎ ያድርሱኝ በአላህ።"

"ወዓለይኩሙ ሰላም። ምነው ልጄ፣ ሰው ታመመ?"

"ሰውስ ደህና ነው።" ላስቲኩን ወርውራ ወጣች። "ጉድጓዱ ውሃ ገብቶበታል።"

"የቱ ጉድጓድ?"

"እርስዎ የቆፈሩልኝ።"

ዑመይር ልጓሙን ስበው አህያዋን አቆሟት። "ባዶ አይደለም እንዴ?"

"ቆጮው አለበት እንጂ። ገና ሁለት ወሩ ነው። ክረምቱን የምንበላው እሱን አይደል?"

ሽማግሌው ማስካቸውን አውርደው አገጫቸውን አከኩ። የሆነ ነገር እየገባቸው እንደሆነ ከፊታቸው ታየ፤ ፈቲሀ ግን ገና አልገባትም።

"እኛ ዘንድ ጉድጓድ ለእህል ነው" አሉ ቀስ ብለው። "በኅዳር ይገባል፣ ዝናብ ሳይጀምር ይወጣል። ክረምት ላይ ጉድጓድ ባዶውን ነው የሚከርመው። አንቺ በግንቦት ስታስቆፍሪኝ፣ አፈሩ ደረቅ ሳለ ለከርሞው እህል አስቀድማ ማዘጋጀቷ ነው፣ ሞያተኛ ናት አልኩ። ወላሂ ለዘይባም እንዲሁ ነው የነገርኳት።"

አሁን ለፈቲሀም ገባት። በእሷ አገር ጉድጓድ የሚሞላው ለክረምት ነው። የደጋው ቀይ አፈር ሰው ቢቆምበት የማይታይበት ጉድጓድ ይወጣዋል፤ ዝናቡ ሌት ተቀን ቢወርድ አፈሩ ወደ ውስጥ ይውጠዋል፣ ቆጮው በቅጠሉ ተጠቅልሎ ሳይነካ ይከርማል። ስለዚህ ለምን እንደምታስቆፍር መናገር ትዝ አላላትም፤ ዑመይርም መጠየቅ ትዝ አላላቸውም። ሁለቱም ጉድጓድ ምን እንደሆነ ያውቁ ነበርና።

ጋሪው እየተንገጫገጨ ሲወርድ ያን የግንቦት ቀን አስታወሰች። ዑመይር ወገባቸው ሳይደርስ ድጅኖው ጠጣር ነገር መትቶ ነጠረ። "ንጣፉ ነው፣ ከዚህ አላልፍም" አሉ። ጎንበስ ብላ ብታይ ነጭ፣ ለጥ ያለ፣ ሲሚንቶ የፈሰሰበት የሚመስል ወለል ነው። ደስ አላት። ጉድጓዱን በጥልቀት ሳይሆን በስፋት አስጨመረችና ወለሉን በገዛ እጇ በመጥረጊያ ጠርጋ ቅጠሉን አነጠፈችበት። እንዲህ ያለ ንጹሕ ጉድጓድ እናቴም የላትም ብላ ለሙባሪክ ደውላ ነግራው ነበር። አሁን ስታስበው ፊቷ ጋለ።

ያ አገር እንዲህ ነው። መሬቱ ወደ ሐይቁ በደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ ሽማግሌዎች ሐይቁ ድሮ እዚህ ድረስ ነበር፣ ሲሸሽ በየደረጃው እያረፈ ነው የሸሸው ይላሉ። ዶማ ባረፈበት ሁሉ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ይወጣል። ላይ ያለው አፈር ሦስት ስንዝር፣ ሲበዛ አራት ነው፤ ከሥሩ ንጣፉ አለ፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ። በጋ ላይ አገሩ ደርቆ አቧራ ሲሆን፣ የዘይባን በርበሬ በሕይወት የሚያቆየው ንጣፉ ከክረምቱ ይዞ ያስቀረው እርጥበት ነው። ሰዉ ለዚህ ብሎ ወለሉን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል።

ግቢው ሲደርሱ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። የሙባሪክ ታናሽ ወንድም ራምዚ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ የጉድጓዱ ጥግ ላይ ቆሟል። ራምዚ መርካቶ ጫማ ይሸጥ ነበር፤ ሥራ ሲፈታ የማይወድ ሰው በመሆኑ፣ ፈቲሀ ስትሄድ ጠብቅልኝ ያለችውን ጠብቆ ብቻ አልቀረም። አንዱን ጥግ ገልጦ ቆጮውን በቅጠል ወደ ጎን ከምሮታል። የተገለጠው ቦታ ላይ ቁርጭምጭሚት የሚያለብስ ውሃ ቆሟል።

"ፈቲ፣ ላስቲኩ አይሠራም" አላት ገና ሳትወርድ። "ከጠዋት ጀምሮ ጠብታ አልዘነበም። በጣሳ ቀዳሁት፣ ተመልሶ ሞላ። ከላይ አይደለም የሚመጣው።"

ተንበርክካ አየች። የጉድጓዱ ግድግዳ ልክ ንጣፉንና አፈሩን በሚያገናኘው መስመር ላይ ላብ እንዳላበው ሰው ያንጠባጥባል። የሁሉም ማሳ ዝናብ ንጣፉ ላይ እየተንሸራተተ፣ በአፈሩ ሥር ለሥር መጥቶ የሚያርፍበት ባዶ ቦታ አግኝቷል። የታችኛው ቅጠል ጠቁሯል። ከሥር አንድ እፍኝ ቆጮ አውጥታ አሸተተች፤ ጠረኑ ልክ አልነበረም። ከመሐል አወጣች፤ ይኼኛው ደህና ነው። ከላይም ደህና ነው። አንድ ዝናብ ተጨምሮ ውሃው ወደ ጉልበት ከወጣ ግን ደህናው ሁሉ ያልቃል፤ ዝናቡ ደግሞ እየመጣ ነው።

"በጆንያ አናወጣውም?" አለ ራምዚ።

"ገና ቦክቶ አልበሰለም። ከቅጠሉ ወጥቶ አየር ካገኘው በዚህ ሙቀት ሁለት ቀን አይቆይም።"

"ሌላ ጉድጓድ?"

"የት? ሁሉም ሥር ንጣፍ ነው ያለው።"

ራምዚ ከዑመይር ጋሪ ላይ ድጅኖውን አነሳ። "እሺ፣ ንጣፉን ልብሳው። ውሃው ወደ ታች ይሂድ፣ ተገላገልን።"

ፈቲሀ ይህን ስትሰማ ልቧ ተነሳ፤ ለምን እስካሁን አላሰብኩትም አለች። "ምታው" አለችው። "እዚሁ ጥግ ላይ ምታው።" ዑመይር ግን የአህያዋን ልጓም እንደያዙ ፊታቸውን ቋጠሩ። ነገሩ አልጣማትም፤ ለመጠየቅ ግን ጊዜ የለም። ራምዚ አንዴ መታ። ድጅኖው ነጠረ፣ ነጭ ፍንጣሪ ዘለለ።

"ተው!"

እማማ ዘይባ ከላይ ከበርበሬው ማሳ እየወረዱ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው፤ ለፈቲሀ በአምስት ዓመት ውስጥ የተናገሩት ተጠራቅሞ አንድ ከሰዓት አይሞላም። ማስኩን እንኳ ከቤት ሲወጡ ብቻ ነው የሚያደርጉት፣ ያውም ነጠላቸውን ነው። መጥተው ጉድጓዱን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ወደ ፈቲሀ ዞሩ።

"እሱን ብትሰብሪ የዚህ ሁሉ ማሳ ውሃ በቆጮሽ ላይ አልፎ ነው የሚወርደው። አሁን እየመጣ ቆሟል። መውጫ ካገኘ አይቆምም፤ ሁሉም ወደዚህ ይሮጣል።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?" የፈቲሀ ድምፅ ካሰበችው በላይ ወጣ። "ቆሜ ላየው? የእናቴ ጓሮ ነው እማማ። እናቴ ባዶ ግቢ ላይ ነው የተቀመጠችው። እርስዎ በግንቦት ጉድጓዱ ሲቆፈር አይተዋል፣ ምንም አላሉኝም።"

"ለእህል መስሎኝ።"

"ቆጮው ሲገባስ አላዩም?"

ራምዚ ድጅኖውን ተደግፎ እግሩን ያያል። "አይቻለሁ" አሉ ዘይባ። "የደጋ ሰው ስለ ቆጮ ያውቃል፣ እኔ ምን አገባኝ አልኩ። ጥፋት ነው። አሁን ይህን ልትሰሚ ነው ወይስ ሥራ ልንሠራ?"

ፈቲሀ ልታለቅስ ደረሰች፤ ግን ሰማዩን አየችና ዋጠችው። ደመናው የቆሼን ጣሪያዎች አልፏል።

"ዑመይር" አሉ ዘይባ፤ "በየት በኩል ነው የሚመጣው?"

ዑመይር ልጓሙን ለቀቁ። ከማድቤት እፍኝ አመድ አስመጥተው ጥጉ ላይ በቆመው ውሃ ላይ በተኑ። አራቱም ጎንበስ ብለው ጠበቁ። አመዱ መጀመሪያ ባለበት ቆመ፤ ቀጥሎ በዝግታ ከላይኛው ግድግዳ ሸሸ። ዑመይር ከጋሪው ላይ ቀጭን ፌሮ ብረታቸውን ይዘው ከዚያ ግድግዳ ትይዩ ወደ ላይ ሄዱ። በየሁለት እርምጃው ፌሮውን እስከ ንጣፉ እየሰደዱ፣ እያወጡ፣ እርጥበቱ የት ድረስ እንደወጣ በጥፍራቸው እየለኩ የበርበሬው ማሳ ውስጥ ገቡ። አሥራ አምስት እርምጃ ላይ ቆሙ። ፌሮው ግማሹ ድረስ ጭቃ ነው።

"ዋናው መንገድ ይኼ ነው። እዚህ ከተሰበረ ጉድጓዱ ጋ ሳይደርስ ይወርዳል።" ከዚያ እግራቸው ሥር ያለውን አዩና ፌሮውን አወጡ። "ግን እዚህ አይሰበርም።"

ዑመይር የቆሙት የዘር በርበሬው መሐል ነው። አፈሩ ከሁሉም የሚጠልቅበት ጥግ ስለሆነ፣ ዘይባ በየዓመቱ ለዘር የሚለዩትን እዚያ ይተክላሉ። ይህ ዘር ከአማታቸው የተቀበሉት ነው፤ ከቆሼ ገበያ የሚመጣ ነጋዴ በስሙ ጠርቶ ይጠይቀዋል። ችግኞቹ ስንዝር ተኩል ሆነዋል፣ ቅጠላቸው ወፍራም ነው።

"ዘይባ፣ ታውቂያለሽ" አሉ ዑመይር። "ወለሉ አንዴ ከተሰበረ አይገጥምም። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሽንት ቤት ብሎ ያስበሳውን አታስታውሺም? ይኸው እስከ ዛሬ ዙሪያውን ሠላሳ እርምጃ የሚበቅል ነገር የለም። እርጥበት አይዝም። ዘንድሮ ብቻ አይምሰልሽ።"

"አስታውሳለሁ። እኔ ነኝ አፈሩን በቅርጫት ያወጣሁት።"

ፈቲሀ ያኔ ነው የተጠየቀው ነገር ምን ያህል እንደሆነ የገባት። አፍራ አንገቷን ደፋች። የአንድ ዓመት ምርት ብቻ ቢሆን ኖሮ ትለምን ነበር፤ ይህን ግን ለመለመን አፍ አልነበራትም። "እማማ፣ ይቅር" አለች። "የተረፈውን አውጥተን ዛሬውኑ እንጋግረው፣ ለጎረቤትም እንስጥ። ለዐረፋ እንኳ ይብቃ።"

"ከዐረፋ ማግስትስ?"

ፈቲሀ ልጆቹ ወዳሉበት በረንዳ ዞረች።

"ዘጠኝ ልጅ አለ በዚህ ቤት" አሉ ዘይባ። "በርበሬ ብቻውን አይበላም። ራምዚ፣ ድጅኖውን አምጣ።"

ራምዚ ቆመ። እናቱን አየ፣ ሽማግሌውን አየ። "እማ፣ ቆይ ለወንድሜ ልደውልና..." ዘይባ እጃቸውን ዘርግተው ድጅኖውን ተቀበሉት። ፌሮው ያረፈበትን ቦታ በእግራቸው ጠርገው አንዴ መቱ። ጉልበት አልነበራቸውም፤ ድጅኖው አፈሩን ብቻ ወግቶ ቀረ። ደግመው አነሱት። ሦስተኛው ላይ ራምዚ ከእጃቸው ወሰደው፤ ዑመይርም ዶማቸውን ይዘው አፈሩን ማውጣት ጀመሩ።

አፈሩን ለማንሳት ብዙ አልፈጀም፤ ንጣፉ ግን አልበገር አለ። በተመታ ቁጥር እንደ ገል ይሰነጠቃል እንጂ አይለቅም። ውሃው ከየአቅጣጫው እየመጣ የሚመቱትን ቦታ ይሸፍናል፤ ፈቲሀ በጣሳ ትቀዳለች፣ እነሱ ይመታሉ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። የመጀመሪያው ነፋስ የበቆሎውን ቅጠል አንኳኳ። ፈቲሀ በየመሐሉ ወደ ጉድጓዱ እየሮጠች ጥጉ ላይ ለመለኪያ ያቆመችውን እንጨት ታያለች፤ ውሃው ሥራ ሲጀምሩ ካደረገችበት ምልክት በሁለት ጣት ከፍ ብሏል። ተመልሳ ስትመጣ ማንም አይጠይቃትም፤ ፊቷን አይተው ያውቃሉ።

ዝናቡ ጀመረ። መጀመሪያ ትልልቅ ጠብታ፣ ወዲያው ደግሞ የሐምሌ ዝናብ ሙሉው። ልጆቹ ከበረንዳ ሆነው ያያሉ። ራምዚ ሸሚዙ ሰውነቱ ላይ ተጣብቆ፣ መዳፉ ተልጦ፣ "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" እያለ ይመታል። አንዱ ምት ላይ ድምፁ ተለወጠ። ድጅኖው እስከ ግማሹ ገብቶ ቀረ። ሲያወዛውዘው ስንዝር የሚሆን ነጭ ቁራጭ ተገነጠለ፤ ዑመይር እጃቸውን በቀዳዳው ሰደው አወጡ፤ መዳፋቸው ላይ አሸዋ ነበር። ደረቅ ነው። በሐምሌ ወር፣ በዚያ ዝናብ ሥር፣ እንደ ዱቄት የደረቀ አሸዋ። በመሐሉ ጥቃቅን የቀንድ አውጣ ቅርፊቶች አሉበት።

ውሃው አንዴ ተንቦጫረቀና ወደ ቀዳዳው ገባ። ዘይባ በድጅኖው ጫፍ ጠርዙን አስፉት አሉ፤ አሰፉት። ከየአቅጣጫው ከአፈሩ ሥር ትናንሽ ጅረቶች እየወጡ ይወድቁ ጀመር።

ፈቲሀ ወደ ጉድጓዱ ወርዳ እንጨቱን ይዛ ተቀመጠች። ላስቲኩን ከላይ ዘርግታለች፤ ዝናቡ ላዩ ላይ ይደበድባል። ውሃው ለረጅም ጊዜ ካለበት አልተነቃነቀም፤ እሷም መቁጠር ጀምራ ተወች፣ ጸሎት ጀምራ መሐሉ ጠፋባት። ከዚያ እንጨቱ ላይ ጣት የሚያህል እርጥብ መስመር ከውሃው በላይ ታየ። ዓይኗን አላመነችም፤ በጥፍሯ ምልክት አደረገችበትና ጠበቀች። መስመሩ ሰፋ። ከላይ እየዘነበ ከሥር ይጎድል ነበር። አልሐምዱሊላህ አለችና ጭቃው ውስጥ እንደተቀመጠች አለቀሰች፤ እፎይታውም ድካሙም እናቷም ተቀላቅለውባት። ከሥር ያለው ቆጮ ይጣላል፤ ከአራት ሦስት እጁ ይተርፋል፤ እስከ መስከረም ባይሆን እስከ ነሐሴ መጨረሻ ያደርሳል።

ልትነግራቸው ወደ ማሳው ወጣች። ዑመይርና ራምዚ ከበረንዳው ሥር ተጠልለዋል። ዘይባ ግን ዝናቡ ውስጥ ቀዳዳው አጠገብ ተንበርክከው፣ የዘር በርበሬውን ችግኝ አንድ በአንድ እየነቀሉ የቀሚሳቸው እቅፍ ላይ ያስቀምጣሉ። ሁለት መደብ ጨርሰዋል።

"ጎደለ እማማ። እየጎደለ ነው።"

"አልሐምዱሊላህ።"

ፈቲሀ አጠገባቸው ተንበረከከች። "የት ሊተክሉት ነው? እኔ ልትከልልዎ፤ በታች በኩል ቦታ አለ።"

"ለመትከል አይደለም። በታች በኩል አፈሩ ሁለት ስንዝር አይሞላም፣ አይጸድቅም።" አንዱን ነቀሉና ሥሩን ዝናቡ ላይ አራግፈው አስቀመጡ። "ውሃው እየሸረሸረ ሲጥላቸው ቀዳዳውን ይደፍኑታል። ማታ ደግሞ ይዘንባል።"

ፈቲሀ እጇን ወደሚቀጥለው ችግኝ ዘርግታ ቆመች። ቅጠሉ ጣቷን ነካው፤ መንቀል አቃታት።

"ንቀይ" አሏት ዘይባ፣ ሳያዩአት። "ከሥሩ ያዢው፣ እንዳይበጠስ።"

ፈቲሀ ከሥሩ ያዘችው፣ ነቀለችውም። ከዚያ ወደሚቀጥለው ሄደች፤ ሦስተኛውን መደብ ሁለቱ ከሁለት ጫፍ ጀምረው ጨረሱት።